የተባረረ ገበያ፦ ከአራዳ እስከ ዱባይ ተራ

አዲስ አበባ ከመንገድ በፊት ገበያ ነበራት። በ1879 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃው ሜዳ ሲወርዱ መኳንንቱ በየኮረብታው ሰፈር ያዙ፤ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች ያለው ቁልቁለት ግን የነጋዴው ሆነ። የአራዳ ገበያ ቅዳሜ ቅዳሜ ጢም ይላል። ከከፋና ከጅማ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ፣ ከሰሜን አሞሌ ጨው፣ ከቅርብ አገር ቅቤ፣ ማር፣ በርበሬና ጤፍ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ይገባል። መገበያያው የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር ነበር፤ ለዝርዝር አሞሌ ነበረ። በዚያ ዘመን የመጡ የውጭ አገር ተጓዦች እንደጻፉት፣ ገበያው ለእንግዳ ሰው የተደበላለቀ ቢመስልም እያንዳንዱ ሸቀጥ የራሱ ስፍራ ነበረው። ቅቤ ሻጭ ከቅቤ ሻጭ፣ ፈረስ ሻጭ ከፈረስ ሻጭ ጋር ይቆማል። እንግዲህ መርካቶ በተራ መቀመጥን የተማረችው ከዚህ ነው።

ገበያው ሹም ነበረው። ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ቀረጥ ያስከፍላሉ፣ የነጋዴ ሙግት ይሰማሉ፤ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሚኒስትሮች ካቢኔ ሲቋቋም ንግድንና የውጭ ጉዳይን የያዙትም እሳቸው ናቸው። በዚያ ጊዜ ንግድና የውጭ ግንኙነት ለአንድ ሰው መሰጠቱ የሚያስገርም አይደለም። በአራዳ ዙሪያ ሱቅ የከፈቱት ሕንዶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮችና የመኖች ነበሩ፤ ከሁሉም የገዘፈው የሕንዶቹ የመሐመድ አሊ ድርጅት ነበር። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አቡጀዴው፣ ቆርቆሮው፣ ላምባውና ምስማሩ እንደልብ መግባት ጀመረ። ጭቃና ሣር የነበረው ከተማ ቆርቆሮ ለበሰ። አራዳ ችሎትም አደባባይም ነበር፤ አዋጅ የሚነገረው እዚያ ነው፣ ሞት የተፈረደበት ሰው የሚሰቀልበት ዛፍም ከገበያተኛው አይን አይርቅም ነበር።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ከጦሩ ጋር የከተማ ፕላን ሕልምም ገባ። ዝነኛው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ ሳይቀር ከተማዋን ሳያያት፣ ኮረብታና ወንዝ የሌላት ይመስል ቀጥ ያለ ጎዳና ሰንጥቆባት የወረቀት ንድፍ ሠርቶላታል። ሥራው የተሰጠው ግን ለኢኛዚዮ ጉይዲና ለቼዛሬ ቫሌ ነው። የሁለቱ ፕላን መሠረታዊ ሐሳብ ነጭና ጥቁር አብሮ እንዳይኖር ነበር። አራዳ ለአውሮፓውያን ይሁን፤ አበሻው ወደ ምዕራብ ይሂድ፤ ገበያውም አብሮት ይሂድ።

የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ የከተማዋን ሕዝብ ካደቀቀ በኋላ የሚከራከር አልነበረም። በዚያው ዓመት የመሐመድ አሊ ድርጅት በስለላ ተወንጅሎ ከአገር ተባረረ። ንግዱን ለጣሊያን ኩባንያዎች ለማስለቀቅ የተደረገ ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። በ1930 ዓ.ም. ግድም የአራዳ ገበያ ተነቅሎ በምዕራብ በኩል በአራት ማዕዘን በተከፋፈለ መሬት ላይ ተተከለ። ጣሊያኖቹ «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አሉት፣ የአገሬው ተወላጅ ገበያ ማለታቸው ነው። ሕዝቡ ሁለተኛውን ቃል ጣለና የመጀመሪያውን አስቀረ። ሰፈሩ አዲስ ከተማ ተባለ፤ የተለቀቀው አራዳም ፒያሳ ሆነ።

ለብዙ ጊዜ ሲነገር የምሰማው አንድ ነገር አለ፦ «ጣሊያን መርካቶን ሠራልን» የሚል። ጣሊያን የሠራው ገበያተኛውን ከአይኑ ማራቂያ ቦታ ነው። ቦታውን ገበያ ያደረጉት ከዚያ በኋላ የመጡት ናቸው።

ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ ገበያው ወደ አራዳ አልተመለሰም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ብዙ መመራመር አያሻም፤ ፒያሳ ሕንፃና ካፌ ይዛለች፣ አዲስ ከተማ ሰፊ ናት፣ ከክፍለ ሀገር የሚመጣው መኪናም እዚያው ይራገፋል። በፒያሳ በኩል የጣሊያን ምግብ ቤቱ ካስቴሊና በ1940ዎቹ ዓ.ም. የተከፈተው ቶሞካ ቡና የሹማምንቱና የተማረው ሰው መቀመጫ ሆኑ። በመርካቶ በኩል ደግሞ ችርቻሮው በአብዛኛው የየመን አረቦች ነበር። «አረብ ቤት» ሲባል ከስኳርና ከላምባ እስከ መርፌና ክር የማይጠፋበት፣ ባለቤቱ ከባንኮኒው ጀርባ የሚያድርበት ሱቅ ማለት ነው።

በዚያ ባንኮኒ አጠገብ አንድ ልጅ ይቆማል፤ ከጉራጌ አገር በእግሩ የመጣ። ሥራው መላላክ፣ መሸከም፣ መጥረግ ነው። የመርካቶ ታሪክ ዋና ሰው እሱ ይመስለኛል፤ ነጋድራሱም አርክቴክቶቹም ከእሱ በኋላ ይመጣሉ። መንገዱ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነበር፦ በሊስትሮ ወይም በተሸካሚነት ይጀምራል፣ ከዚያ ሱቅ በደረቴ ይሆናል፣ መስቲካና ሲጋራ፣ ምላጭና መርፌ አንገቱ ላይ በተንጠለጠለ ሳጥን ይዞ ይዞራል። ያጠራቀማትን በእቁብ ያስገባል። እጣው ሲወጣለት መደብ ይይዛል፤ መደቡ በረንዳ፣ በረንዳው ሱቅ ይሆናል። ሱቅ ሲከፍት ከአገር ቤት ወንድሙን ወይም የአጎቱን ልጅ ያስመጣል፣ ልጁም ከታች ይጀምራል። የመኖቹ በ1960ዎቹ ዓ.ም. እየለቀቁ ሲሄዱ ሱቆቹን የተረከቡት በአብዛኛው እነዚህ የቀድሞ ተላላኪዎች ናቸው።

ገንዘቡ መርካቶ ብቻ አልቀረም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የጉራጌ የመንገድ ሥራ ድርጅት መዋጮውን የሰበሰበው ከእነዚሁ ነጋዴዎች ነው፤ በእግር የመጡበትን አገር መኪና እንዲገባበት አደረጉት። መስቀል ሲደርስ መርካቶ ጭር የሚለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ባለሱቁ ለክትፎው አገሩ ገብቷል።

ገበያው እያደገ ሲሄድ በሸቀጥና በሰው ተከፋፈለ። ሸማ ተራ፣ ድር ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ እህል በረንዳ፣ ጎጃም በረንዳ፣ አብዶ በረንዳ። ከዶርዜ የመጡት ሸማኔዎች የሠሩት ጥበብ እዚህ ይሸጣል፤ የጫነው መኪና አውቶቡስ ተራና ሰባተኛ በኩል ይገባል፤ ሲኒማ ራስ የሠራተኛውን የእሁድ ገንዘብ ይቀበላል። ታላቁ አንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን እየተያዩ የአዛኑና የቅዳሴው ድምፅ አንድ ሰማይ ላይ ይገናኛል።

ምን አለሽ ተራ የተባለችው ጥግ ደግሞ ለብቻዋ ታሪክ ይገባታል። አዲስ አበባ በወጉ ፋብሪካ ሳይኖራት የብረት ሠራተኛ ሰፈር ነበራት። የነዳጅ በርሜል ተቀዶ ምድጃና ባልዲ፣ የዘይት ጣሳ ኩራዝ፣ የመኪና ጎማ በረባሶ ጫማ፣ የተሰበረ ሞላ ቢላዋና ማረሻ ሆኖ ይወጣል። የመዶሻው ድምፅ ከጧት እስከ ማታ አያቋርጥም። ሌላ አገር ቢሆን እንዲህ ያለው ሰፈር የጡብ ሕንፃና ጭስ ማውጫ ስለሚተው ከተዘጋ በኋላ ሙዚየምና ምግብ ቤት ይደረጋል። ምን አለሽ ተራ የሚተወው ሕንፃ የለውም፤ ያለው የእጅ ሙያ ነው።

ከዚያ ደርግ መጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ የመርካቶ ሱቆች የቀበሌና የኪራይ ቤቶች ሆኑ። ቀጥሎ የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 የግል ነጋዴውን ካፒታል ወሰነ፦ ለችርቻሮ 200,000 ብር፣ ለጅምላ 300,000 ብር። ከዚያ በላይ ማደግ ሕግ መጣስ ነበር። ስኳርና ሳሙና በኅብረት ሱቅ በወረፋ፣ በራሽን ካርድ ይታደል ጀመር።

የደርግ ሹማምንት የመርካቶን ነጋዴ ስግብግብ ሲሉ ነው የኖሩት። ከአዋጁ የወጣው ውጤት ግን አንድ ብልሃት ነበር፤ በአንድ ስም የማይያዘው ንግድ በወንድም፣ በሚስት፣ በአክስት ልጅ ስም ተበተነ። የቀበሌ ሱቅ ኪራዩ ርካሽ ስለነበር ቁልፉ ራሱ ሸቀጥ ሆነ፤ ተከራዩ ለሌላ ያከራያል፣ ያም ግማሹን ለሌላ። አስመጪነት በመንግሥት እጅ ሲገባ ደግሞ ኮንትሮባንድ ዳበረ። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር ላይ በሴቶች ቀሚስ ሥርና በጆንያ ተደብቆ የሚገባው ጨርቅ፣ ሽቶና ሬዲዮ ድሬዳዋ ይራገፋል። የድሬዳዋው ገበያ ታይዋን ተባለ። ዕቃው ከዚያ ወደ መርካቶ ይጓዛል። የገበያን ስም በሩቅ አገር መጥራት እንግዲህ የመርካቶዋ ዱባይ ተራ ሳትወለድ የተጀመረ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዱባይ ራሷ ጥቂት ማለት ይገባል፤ ነገሩ ከአራዳ ጋር ይመሳሰላልና። ዱባይን ዱባይ ያደረጋት ነዳጅ ብቻ አይደለም። በ20ኛው መቶ ዘመን መግቢያ የፋርስ መንግሥት በሊንጌ ወደብ ላይ ቀረጥ ሲያጠብቅ ነጋዴዎቹ ባሕሩን ተሻግረው ገዢው ቀረጥ ወዳነሳባት ወደ ዱባይ መጡ። ባስታክ ከሚባል አገር የመጡት ከውሃው ዳር ባለነፋስ ማማ ቤቶች ሠርተው ሰፈራቸውን ባስታኪያ አሉት። ነዳጅ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ የጀበል ዓሊ ወደብ በ1979 ተከፈተ፣ በ1985 ነፃ የንግድ ቀጠና ሆነ፤ በዚያው ዓመት ኤምሬትስ አየር መንገድ ተቋቋመ። ያን ጊዜ የባስታኪያ ግማሽ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈርሶ ነበር። የቀረው የተረፈው እዚያ ይኖር የነበረ አንድ እንግሊዛዊ አርክቴክት ስለጮኸና የያኔው የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1989 መጥቶ ስለጎበኘው ነው። ዛሬ አል ፋሂዲ ታሪካዊ ሰፈር ይባላል፤ በነጋዴዎቹ ግቢ ውስጥ ቱሪስት ምሳ ይበላል።

ከውሃው ማዶ ዴራ ነው። የኛዎቹ ነጋዴዎች የሚያውቁት ዱባይ ዴራን ነው።

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ የካፒታል ገደቡ ቀረ። በመስከረም 1985 ዓ.ም. ለረጅም ዓመታት 2.07 ብር የነበረው ዶላር 5 ብር ተባለ። ለሌላው ሰው የኑሮ ውድነት ነበር፤ መርካቶ ግን ነገሩን ሌላ በኩል አየችው፦ አስመጪነት ተፈቀደ ማለት ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ፓስፖርት የያዘ ነጋዴ የዱባይ ተመላላሽ ሆነ። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ባዶ ሻንጣ ይዘው ይሄዳሉ፣ ዴራ ውስጥ ክፍል ተጋርተው ያድራሉ፣ ከሕንድና ከፋርስ ነጋዴ ጋር በጣትና በካልኩሌተር ይከራከራሉ፣ ጂንስ፣ ጫማ፣ ሽቶ፣ ቴፕና ዴክ ጭነው ይመለሳሉ። ሻንጣ ያልቻለው በካርጎ ይላካል። ካርጎ ያልቻለው በጀልባ ወደ በርበራና ወደ ቦሳሶ፣ ከዚያ በበረሃ መኪና በሀርትሼክ በኩል ይገባል፤ ጉምሩክ ግን አያየውም።

ዕቃው መርካቶ ሲደርስ በአንድ አካባቢ ተሰበሰበ። ማንም ሹም አልመራውም። ገዢው «የዱባዩ የት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚላክበት ጥግ ዱባይ ተራ ሆነ፤ የአገር ውስጥ ፋብሪካ ጨርቅና የወታደር ቦት ለለመደ ወጣት የዚያ ጥግ ጫማ ትልቅ ነገር ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ቸርቻሪ ሊነጋጋ ሲል አውቶቡስ ተራ ይወርዳል፣ ዱባይ ተራ ላይ ግማሹን በጥሬ ገንዘብ ግማሹን በዱቤ ይይዛል፣ ከሰዓት በኋላ ዕቃው አይሱዙ ላይ ነው። ዱቤው የሚጻፈው በደብተር ነው፤ ዋሱ የሚተዋወቁበት ጊዜ ነው። የከዳ ሰው ፍርድ ቤት አይቀርብም፣ ተራው በሙሉ ዕቃ ይነፍገዋል።

ለዚህ ሁሉ ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚል ሰው መልሱ አሁንም እቁብ ነው። የመርካቶ እቁብ ዳኛና ጸሐፊ፣ ዋስና ቅጣት አለው። እጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ካልፈለገው ለሌላ ይሸጠዋል፤ ዱባይ የሚሄደው ነጋዴ ትንሽ ከፍሎ የሌላውን እጣ ይገዛና በሳምንቱ ይበራል። ባንክ መያዣ ቤት ሲጠይቅ፣ ቤቱ የቀበሌ የሆነበት ሰው ምን ያስይዛል? የ1967ቱ አዋጅ ውጤት በ1990ዎቹ ውስጥ እንዲህ ሆኖ ይታያል።

ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጫር አሰብ ተዘጋ፤ ዕቃው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተጣለ፣ ከዓመታት በኋላ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን መጣ። በዚያው ዘመን ነጋዴው ዱባይ የሚሸጥለት ዕቃ የሚሠራው ቻይና መሆኑን ደርሶበት በቀጥታ ጓንጁና ዪዉ መሄድ ጀመረ። ዱባይ ተራ ውስጥ የዱባይ ዕቃ እያነሰ፣ ስሙ ግን ሥር እየሰደደ ሄደ። የከተማው አስተዳደር ደግሞ የቆርቆሮ ሱቆቹ ፈርሰው ፎቅ እንዲሠራ ፈለገ። ነባሮቹ ነጋዴዎች ቦታው በጨረታ ለውጭ ሰው እንዳይሄድባቸው በአክሲዮን ተደራጅተው የገበያ ማዕከል ሠሩ። አንድ ተራ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ወጣ። መሬት ላይ ጎረቤት የነበሩት በሦስተኛ ፎቅም ጎረቤት ሆኑ፤ ደረጃው ላይ ተሸካሚው «ዞር በል!» ይላል።

ምሳ በመርካቶ ሱቅ አያዘጋም። በፌስታል በተሸፈነ ትሪ ሽሮው፣ በያይነቱ ወይም ጥብሱ ባንኮኒው ድረስ ይመጣል፤ ባለሱቁ በአንድ እጁ እየቆረሰ በሌላው ዋጋ ይጽፋል። ጠዋት ፉልና ፈታ ከሞቀ ዳቦ ጋር፣ ሐሙስ ማታ ክትፎና ቆጮ፣ በረመዳን ከአንዋር ዙሪያ ሳምቡሳና ተምር። ቱሪስት አስጎብኚዎች ስለ መርካቶ «የአፍሪካ ትልቁ ገበያ» ከማለት አልፈው ይህን ሲያወሱ አልሰማሁም። ቡሌንም አያወሱትም። ከሆቴልና ከምግብ ቤት የተረፈው ተሰብስቦ በሳንቲም ለተሸካሚውና ለጎዳና ልጅ የሚሸጥበት ጥግ ለብዙ ዓመት ነበር። የዚህን ሰፈር የምግብ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ክትፎውን ጽፎ ቡሌውን ከተወው ግማሹን ትቷል።

የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። የቆመው ጥንት የአራዳ ገበያ ይውልበት በነበረው አካባቢ ነው። በማግሥቱ ወር የኮሪደር ልማት ተጀመረና ከፒያሳ ነባር ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ። የቀረው ተቀባ፣ መብራት ለበሰ፤ ሰው ማታ ማታ ለሽርሽርና ለማኪያቶ ይሄዳል። ጣሊያን ገበያውን ነቅሎ የወሰደበት ቦታ የቅርስና የመዝናኛ ሰፈር ሆነ፣ የተነቀለው ገበያ ደግሞ ከሁለት ኪሎ ሜትር ያልበለጠ ርቀት ላይ አሁንም ይሸጣል። ፒያሳ ላይ ታሪኩን የሚያስረዳ ጽሑፍ አለ። ዱባይ ተራ ውስጥ ስለ ራሷ የሚናገር አንዲት ሰሌዳ አላየሁም፤ የሚሰቅልበት ግድግዳም በጫማ ካርቶን የተሸፈነ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። 57 ብር ግድም የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ሸማ ተራ ተቃጠለች። እሳቱ ለሰዓታት ነደደ፤ የእሳት አደጋ መኪና በተጠጋጋው ሱቅ መሐል መግባት ተቸገረ። በእሳቱ ማግሥት ዱባይ ተራ ያለው ነጋዴ የሸማ ተራው ጎረቤቱ በደብተር የያዘው ዱቤም አብሮ መቃጠሉን አሰበ።

ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር፣ የገቢዎች ተቆጣጣሪዎች ደረሰኝ ፍለጋ መርካቶን አጥለቀለቁ። ዕቃ ይወረሳል የሚል ወሬ ተነዛ፣ ሱቆች ተዘጉ። አስተዳደሩ ወሬው ሐሰት ነው አለ። ቸርቻሪው ጅምላ ሻጩ ደረሰኝ አልሰጠኝም ሲል፣ ጅምላ ሻጩ አስመጪውን ጠቆመ፤ አስመጪውም በበኩሉ ዶላሩን ከየት እንዳገኘው እንዳይጠየቅ ዝም አለ። ተቆጣጣሪው የሚፈልገው ወረቀት ቢገኝ የሚጀምረው ዴራ ወይም ጓንጁ ካለ ባንኮኒ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሕጉ አይደርስም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሱቆቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ፣ አውቶቡስ ተራ ሲጠብቁ የነበሩት የክፍለ ሀገር ቸርቻሪዎችም ዕቃቸውን ጫኑ።